የመንገዱ እኩሌታ

መንገዱ ሲሰፋ እልል ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። ልደታ ኮንዶሚኒየም በረንዳዬ ላይ ቆሜ፣ አስፋልቱ ሲነጠፍ፣ መብራቱ ሲተከል፣ መሃሉ ላይ አበባ ሲደረደር እያየሁ «እሰይ! ለዚህም ቀን አበቃን» ብያለሁ። እንዴት እንደምሻገረው ግን አንድም ቀን አላሰብኩም። የዋህነቴ!

አሁንም ቢሆን መንገድ ለምን አማረ የምል ምቀኛ አይደለሁም። ጠቤ መብራቱ ላይ ካለው ከአረንጓዴው ሰውዬ ጋር ነው። ብቅ ይልና «እለፉ» ይላል። እሺ ብዬ አንድ እግሬን አስፋልቱ ላይ ሳሳርፍ፣ ሌላውን ሳስከትል፣ ወገቤን ሳቀና፣ እሱ ሆዬ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። መሃል ስደርስ ቀይ ሆኖ ቁጭ! የዚህን መብራት ሰዓት የሞሉት ሰዎች እናት የላቸውም እንዴ? ወይስ እናታቸው ሯጭ ናት? እርጅና ጉልበቴ ላይ እንጂ አፌ ላይ ገና አልደረሰም፤ ስለዚህ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ይህንኑ እናገራለሁ።

ስሜ ወለተሃና ነው። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ስልክ አስተላላፊ ሆኜ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ባሌ ሞቷል። አንድ ልጄ ዘርኣብሩክ ሰሚት ነው የሚኖረው። ሰሚት የሚኖር ልጅ ማለት ደግሞ በበዓል የሚመጣ ልጅ ማለት ነው፤ ከተማው ሰፋ፣ እኛ እዚህ ቀረን። ጎረቤቶቼ ጠዋት በራቸውን ድርግም አድርገው ይወጣሉ፣ ማታ ድርግም አድርገው ይገባሉ። ቀን ላይ ደረጃው ላይ የሚሰማው የእኔ ሳል ብቻ ነው።

ለምን እንደምሻገር ልንገራችሁ። ማዶ ፋዮ አለች። ፋዮና እኔ ልደታ ማርያም ጀርባ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ግድግዳ ተጋርተን ነው ያረጀነው። እሷ ከአምቦ፣ እኔ ከአክሱም መጥተን አንድ ቧንቧ ላይ ተገናኘን። የመጀመሪያ ቀን በወረፋ ተጣላን፤ ከዚያ ወዲህ ተለያይተን አናውቅም። ባሌ የሞተ ለት ወገቤን ይዛ ያቆመችኝ እሷ ናት። እሷ አልወለደችም፤ ዘርኣብሩክን አዝላ ያሳደገችልኝም እሷ ናት። ሰፈሩ ሲነሳ ለእኔ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ፣ እሷ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ የእህቷ ልጅ ፀዲ ቤት ገባች። «ምን ቸገረን፣ ማዶና ማዶ ነን» ተባባልን። ያኔ መንገዱ ጠባብ ነበር፣ መኪናውም እንዲህ አይበርም፤ ነጠላዬን ጣል አድርጌ እሷ ጋ ብቅ ማለት ጓዳ የመግባት ያህል ነበር።

መንገዱ ሲሰፋ ግን ነገር ተበላሸ። እኔም በአንድ አረንጓዴ አልጨርሰው፣ እሷም አትጨርሰው። ድልድይ ይሠራላችኋል አሉን። ደረጃውን ማን ይወጣልኛል? የራሴን ቤት ደረጃ እንኳ የምወጣው የአምላክን ስም እየጠራሁ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልን ስንቆይ አንድ ቀን እኔ ከዚህ፣ እሷ ከዚያ፣ ሳንነጋገር በአንዱ አረንጓዴ ተነሳን። ቀዩ ሲበራ ሁለታችንም አካፋዩ ላይ ነን፤ መሃል መንገዱ ላይ ያለው፣ ሣር የተተከለበት ከፍ ያለ ጠርዝ ላይ። ተያየን።

«አንቺ ወዴት ነሽ?»

«አንቺ ጋ ነዋ! አንቺስ?»

«አንቺ ጋ!»

ሳቅን፣ ሳቅን፣ እስክናለቅስ ሳቅን። ከዚያ ጠርዙ ላይ ቁጭ አልን። ከዚያን ቀን ወዲያ ቤቷ መሄድ፣ ቤቴ መምጣት ቀረ። የመንገዱን እኩሌታ እኔ፣ እኩሌታውን እሷ እየተሻገርን መሃል ላይ እንገናኝ ጀመር።

እንዳትስቁብን። ፀሐይ ሞቅ ሲል እንወጣለን፣ እኔ ዣንጥላ እይዛለሁ፣ እሷ በዘንቢሏ ቆሎ ትይዛለች። መኪናው ከፊታችን ወደ ላይ፣ ከኋላችን ወደ ታች ይበራል። የፋዮ ጆሮ ስለከበደ እኔ እጮኻለሁ፣ ክላክሱም ይጮኻል፤ ምስጢር የሚባል ነገር አልቀረንም። የምራቴን ሐሜት ያልሰማ የልደታ ሹፌር ያለ አይመስለኝም። አንዴ አንዱ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «ማዘር፣ ጥፋቱ የልጅሽ ነው!» ብሎኝ አልፏል።

ሙኒር የሚባል ትራፊክ ፖሊስ ነበር። መጀመሪያ ያየን ለት ፊሽካውን እየነፋ መጣ። «እናቶቼ፣ እዚህ መቀመጥ አይቻልም! አደጋ ነው!» አለን። «ታዲያ የሚቻለው የት ነው? አሳየንና እንሂድ» አልኩት። ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ። አንድ አግዳሚ ወንበር እንኳ የለም። ራሱን አከከና «እንግዲያው እግራችሁን ወደ ውስጥ ሰብስቡ» ብሎን ሄደ። ከዚያ በኋላ ሲያየን በሩቁ ሰላምታ ይሰጠን ነበር። ኋላ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ።

ፋዮ አንድ ክፉ ልማድ ነበራት። ክፉ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው ደግነት ይለዋል። ሹፌር ከቆመላት ሳትመርቀው አታልፍም። በጎ ያደረገን ሰው ሳይመርቁ መሄድ ነውር ነው፣ አውቃለሁ፤ እኔም እጄን ከፍ አድርጌ አመሰግናለሁ። እሷ ግን ዜብራው መሃል ላይ ትቆማለች። ወደ መኪናው ትዞራለች። ዕቃ ይዞ መመረቅ ስለማይሆንላት ዘንቢሏን አስፋልቱ ላይ ታስቀምጣለች። ከዚያ ሁለት እጇን ትዘረጋና «ልጄ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥህ፣ መውጫ መግቢያህን ያሳምርልህ፣ ክፉ አይንካህ፣ የልጅ ልጅ ለማየት ያብቃህ» ትላለች። ሹፌሩ ደግሞ አሜን ይላል እኮ! ከኋላ ያለው ክላክሱን ያቀልጠዋል፣ እኔ አካፋዩ ላይ ሆኜ እቃጠላለሁ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምርቃትሽን ዳር ወጥተሽ አድርሺ!» እላታለሁ።

«ዳር እስክወጣ ሰውዬው ሄዶ የለ? አየር ልመርቅ?» ትለኛለች።

አንድ ቀን እንዲሁ ወሬያችንን ጨርሰን እሷ ወደ ራሷ ዳር ተነሳች። መብራቱ መሃል ላይ ቀይ ሆነባት። አንድ ባለ ላዳ ግን ንቅንቅ ሳይል ቆመላት። ቆመች፤ ዞረች፤ ዘንቢሏን አስቀመጠች። ከላዳው ኋላ የነበረው ሚኒባስ ላዳው ለምን እንደቆመ አልታየውም። ሰው የሚያወርድ መስሎት ይሁን ቸኩሎ ይሁን እንጃ፣ በጎን ወጣ። «ፋዮ!» ብዬ ጮህኩ። አልሰማችም። እጇ እንደተዘረጋ መታት።

አልሞተችም። ዳሌዋ ተሰበረ። ባለ ላዳው ወርዶ አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ «እኔ ባልቆምላት ኖሮ፣ እኔ ባልቆምላት ኖሮ» እያለ ያለቅሳል። ትልቅ ሰው ነው፣ ሽበት ያለው። እኔ አካፋዩ ላይ ቀርቻለሁ። መኪናው ሁሉ ቆሟል፣ መንገዱ ባዶ ነው፣ እግሬ ግን እምቢ አለኝ። ጓደኛዬ እዚያ ወድቃ እኔ የቀረኝን ጥቂት እርምጃ መራመድ አቃተኝ። አምቡላንሱ ሲወስዳት በሩቁ ነው ያየሁት።

ሆስፒታል ሰንብታ ጠመንጃ ያዥ ፀዲ ቤት ተመለሰች፤ አልጋ ላይ። ዘርኣብሩክ ያንኑ ሰሞን መጥቶ ተቆጣኝ። «እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ያንን መንገድ ብቻሽን አትሻገሪም። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ በመኪና እወስድሻለሁ» አለ። አንድ ቅዳሜ ወሰደኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስብሰባ መጣበት። ከዚያ ልጁ ታመመበት። ከዚያ የነዳጅ ሰልፍ። ልጄ ክፉ ሆኖ አይደለም። ጊዜ የለውም፤ እኔ ደግሞ ከጊዜ በቀር ሌላ የለኝም፣ እንዴት እንግባባ?

ስልክ አለ ትሉኝ ይሆናል። ዕድሜዬን በሙሉ ሰውን ከሰው በስልክ ሳገናኝ ኖሬ፣ ከፋዮ ጋር መገናኘት አቃተኝ።

«አቤት!» ትላለች።

«ደህና አደርሽ ወይ?»

«ማን ልበል?»

«ወለተሃና ነኝ!»

«ወለተሃና እዚህ የለችም፣ ማዶ ናት» ብላ ዘጋችብኝ። ስልኩን እንደያዝኩ ሳቅኩ፤ ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ታክሲም ሞክሬያለሁ። ባለ ታክሲውን «ማዶ አድርሰኝ» ብለው የምቀልድበት መሰለው። «እማማ፣ ይኸው እኮ ነው! እኔ ልዙር ብል ብዙ ሄጄ ነው የምመለሰው፣ በእግርዎ ይሻላል» ብሎኝ ሄደ። ሰው ይዞ ያሻግርሽ ደግሞ ይሉኛል። አንዴ አንዱን ሸጋ የለበሰ ጎልማሳ ክንዱን ነካ አድርጌ «ልጄ» ብዬው ነበር። ፊቴን እንኳ ሳያይ «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ» ብሎ አለፈ። ለማኝ መስዬዋለሁ! እኔ ወለተሃና! ከዚያ ወዲያ የማንንም ክንድ አልነካሁም።

ብቻዬን ልሻገር እያልኩ ስንት ጠዋት ወጣሁ። ዜብራው ጋ ስደርስ ያ ድምፅ ይመጣብኛል። የፍሬን ድምፅ፣ ከዚያ ያ ሌላው ድምፅ። እመለሳለሁ። አንድ ቀን እንደምንም አካፋዩ ድረስ ሄድኩና ጠርዙ ላይ ተቀመጥኩ። ዣንጥላዬን ዘረጋሁ። የማወራው ሰው የለም። ሹፌሮቹ እያዩኝ ያልፋሉ፤ ዕብድ ሳልመስላቸው አልቀርም። ብቻ ለብቻ እዚያ መቀመጥ እንዴት እንደሚያስጠላ አልነግራችሁም። ተነስቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

አንድ ቀን ማታ ፀዲ ከሥራ ስትመለስ ቤቴ ጎራ አለች። ደህና ልጅ ናት፣ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ናት። ገና ሳትቀመጥ እንባዋ መጣ።

«እማማ ወለተሃና፣ አክስቴ ምግብ እምቢ ብላኛለች። ጠዋት አጠገቧ አድርጌላት የምሄደውን ማታ እንዳለ አገኘዋለሁ። ሐኪሙ ካልበላች አትነሳም ብሏል። እኔንም አትሰማኝ። እርስዎን ብቻ ነው የምትሰማው።»

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የት ይመጣል? ፋዮ ልትሞትብኝ ነው፣ እኔ እዚህ ማዶ ተቀምጬ ጉልበቴን አሻለሁ። በማግስቱ ጠዋት የምትወደውን ሽሮ ለስለስ አድርጌ ሠራሁ፣ በትንሽ ሳህን ከደንኩት፣ እንጀራ ጠቀለልኩና ወጣሁ። «ዛሬ ብሞትም ልሙት» አልኩ ለራሴ።

አረንጓዴው ሲበራ ገባሁ። ግራ ቀኝ አላየሁም፤ የማየው የእግሬን ጫማ ብቻ ነው። አካፋዩ ላይ ስደርስ ቀይ ሆነ። አልተቀመጥኩም፤ ከተቀመጥኩ እንደማልነሳ አውቀዋለሁ። ሳህኑን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ቆምኩ። እንደገና አረንጓዴ። ሁለተኛው እኩሌታ! መንገዱ ከሰፋ ጀምሮ ረግጬው አላውቅም። ገና አጋምሼው ሳልጨርስ መብለጭለጭ ጀመረ፤ ቀይ ሆነ። ግዙፍ የአሸዋ ሲኖትራክ ከጎኔ ቆሞ ሞተሩ ይንጎራጎራል፤ ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ። አለቀልኝ ብዬ ቀጥ አልኩ። ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አወጣና «ቀስ ይበሉ እማማ፣ እኔ የትም አልሄድም!» አለኝ። ጎኑ ያለውንም መኪና በእጁ አስቆመልኝ። ዳር ወጣሁ። ከግንድ ጋር ተደግፌ ትንፋሼን ስሰበስብ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። አደረግሁት! እልል ማለት ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር።

የፀዲ ቤት ከመንገዱ ሩቅ አይደለም፤ የቆርቆሮ በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ። ፋዮ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ናት። ምን ሆናለች! ያቺ ዜብራ መሃል የምትንጎራደድ ሴት ብርድ ልብሱ ውስጥ ጠፍታለች። ልስማት ጎንበስ ስል ትኩር ብላ አየችኝና ፊቷ ዐመድ ሆነ።

«በምን መጣሽ?»

«በእግሬ!» አልኩ ጆሮዋ ሥር፣ ኩራት ኩራት እያለኝ።

«ማን አሻገረሽ?»

«ማንም። እኔው ራሴ።»

ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ግራ ገባኝ። «ምነው? ምን አደረግሁሽ?» አልኳት።

«ምን ያላደረግሽኝ አለ?» አለች። «ያን መንገድ ከዚህ ሆኜ እሰማዋለሁ። ወሬ አልሰማም፣ ስልክ አልሰማም፣ ፍሬን ግን እሰማለሁ፤ ግድግዳው ይነግረኛል። ሲጥ ባለ ቁጥር 'ወለተሃና ናት፣ እኔ ጋ ስትመጣ ነው' እላለሁ። ሌላ ምንም አላስብም። እህሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። አንቺን የማላውቅሽ መሰለሽ? መምጣትሽ እንደማይቀር አውቄያለሁ። ይኸው መጣሽ!»

እኔ ብቻዬን የምፈራ መስሎኝ ነበር። ሳህኑን ከፈትኩና አንድ ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ አፏ ወሰድኩ። ፊቷን አዞረች።

«ሁለተኛ አልመጣም በዪኝ» አለች።

«ብዪና ከዚያ እንነጋገራለን።»

«አይሆንም። ማዪልኝ። ሁለተኛ ያን መንገድ በእግሬ ተሻግሬ አልመጣም በዪኝ፣ እበላለሁ።»

«እሺ፣ አልመጣም» አልኳት፤ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

«እኔን አታታልዪኝም። ማዪ!»

«እኔ ልሙት፣ አልመጣም።»

«አንቺማ ለመሞት አይደል የምትመጪው!» አለች፤ ዐይኗ ውስጥ የድሮው ተንኮሏ ብልጭ ብሎ ጠፋ። «ፋዮ ትሙት በዪ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ስንት ነገር ምያለሁ፤ በባሌ ምያለሁ፣ በልጄ ምያለሁ፤ በእሷ ግን ምዬ አላውቅም። ይህንን የእሷም ልብ ያውቃል። በእሷ ከማልኩ እንደማላፈርሰው ታውቃለች፣ ለዚህ ነው የያዘችኝ። «ሌላ ጠይቂኝ» አልኳት። «በልደታ ይዤሻለሁ፣ ሌላ ጠይቂኝ።» ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ዘርኣብሩክ በመኪና ሲያመጣሽ ነይ፣ ማን ከለከለሽ» አለች። ዘርኣብሩክ! አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፣ ምን ጊዜ እንዳለው እሷም አታጣውም።

ጉርሻው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

«ፋዮ ትሙት» አልኩ። «ፋዮ ትሙት፣ ሁለተኛ ያን መንገድ በእግሬ ተሻግሬ አልመጣም።»

አፏን ከፈተች። አጎረስኳት። አኘከች፣ ዋጠች፣ እንደገና ከፈተች። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን አጎረስኳት። ስትጨርስ ትራሴን አስተካክዪልኝ አለች፣ አስተካከልኩላት። ከዚያ እንደ ድሮው ተጨዋወትን። ምራቴን አማናት። የድሮ ግቢያችንን ቧንቧ፣ የተጣላንበትን ወረፋ አነሳን፤ ማን ቀድሞ ነበር የሚለው ላይ ዛሬም አልተስማማንም። ሳቀች፤ ዳሌዋን አመማትና «አታስቂኝ» አለች። እኔ ግን እያንዳንዷን ነገር ስትናገር ከንፈሯን እያየሁ ነበር። እንዳልረሳት።

«ሂጂ እንግዲህ፣ መኪናው ሳይበዛ» አለችኝ። ግንባሯን ሳምኳት። ዐይኗን ጨፍናለች፤ እፎይ ያለ ሰው ፊት ነው ያላት። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ።

ዜብራው ጋ ስደርስ ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። አረንጓዴው በራ። እግሬን አላነሳሁም። ሰው በግራ በቀኜ እየተጋፋ ተሻገረ፣ ቀይ ሆነ፣ እኔ እዚያው ነኝ። እንደገና አረንጓዴ፤ እንደገና ቆምኩ። ፈርቼ አይደለም። ይህን መንገድ አንዴ ከተሻገርኩት አበቃ። እዚህ ዳር እስከቆምኩ ድረስ ግን ፋዮ ጋ እንደመጣሁ ነኝ፤ መሐላው ገና አልያዘኝም።

አንድ መኪና ቆመልኝ። በእጄ እለፍ አልኩት። ሌላው ቆመልኝ፤ እሱንም አሳለፍኩት። ዛሬ ደግሞ ምን ታይቷቸው ነው፣ ሁሉም ይቆምልኛል! አንዱ መስታወቱን አወረደና «እማማ፣ አይሻገሩም እንዴ?» አለኝ።

«አልቸኩልም ልጄ፣ አንተ እለፍ።»

ስንቱን እንዳሳለፍኩ አላውቅም። እግሬ ዛለ። ባዶው ሳህን እጄ ላይ ከበደኝ። ከሥራ የሚመለሰው ሰው እየበዛ መጣ። አንዲት ወፈር ያለች፣ አስቤዛ የያዘች ሴት አጠገቤ መጥታ ቆመች። አየችኝ፣ መንገዱን አየች፣ እንደገና አየችኝ፤ አንጀቷን ሳልበላው አልቀረሁም።

«ፈርተው ነው አይደል እናቴ? ቆይ እኔ አሻግርዎታለሁ።»

«ኧረ ተዪኝ፣ እኔ...» ስል እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ አስፋልቱ ላይ አስገባችኝ። እጇ ሞቅ ያለ ነው። በሌላው እጇ አስቤዛዋን ከፍ አድርጋ መኪናውን ሁሉ ታቆማለች። «ቁም! እናት አይታይህም?» ትላለች። ወደ ኋላዬ ልዞር ስል «ወደ ፊት፣ እናቴ፣ ወደ ፊት ይዩ!» አለችኝ። አካፋዩን በአንድ እርምጃ አሻገረችኝ። እንዲህ በአንድ አረንጓዴ ጨርሼው አላውቅም።

ዳር አወጣችኝ። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ። ፊቷ በደስታ ወዝቷል።

«ይኸው፣ ደረሱ!» አለችኝ።

አመሰገንኳት።